ዲፕሎማዬ ላይ የማን ስም አለ? የግል ኩባንያዎችና የከፍተኛ ትምህርት ለውጥ

ባለፈው ጥቅምት ከእኔ አንድ ዓመት ቀድሞ የገባ ጓደኛችን ኤችኤንዲውን ጨርሶ፣ ሰርተፊኬቱን ይዞ ኪልበርን አክስቴ ቤት መጣ። ቡና ተፈልቶ ነበር። አክስቴ እጇን በፎጣ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለችና ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሠራች ናት፤ የመድኃኒት ዝርዝር ስታነብ ነው የምትውለው፣ ስለዚህ ከጽሑፍ ላይ የሚያመልጣት ነገር የለም።

«ይሄ ፒርሰን የሚባለው የማን ዩኒቨርሲቲ ነው?» አለች።

«ዩኒቨርሲቲ አይደለም እትዬ፤ ኩባንያ ነው» አልኳት።

«ኩባንያ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዲፕሎማ የሚሰጠው?»

ጓደኛዬና እኔ ተያየን። ሁለታችንም መልሱን አናውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ እየሠራን፣ ቀን ቀን እየተማርን፣ የምንማረውን ማን እንደጻፈው፣ ፈተናውን ማን እንደሚቆጣጠረው ጠይቀን አናውቅም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የዚያን ቀን እፍረት ነው። እንድጨርሰው ያደረገኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከዋሻ ቆፋሪነት ወደ ዲፕሎማ

ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1844 በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሽር የተመሠረተ የግንባታ ድርጅት ነበር። ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ከቴምዝ ወንዝ ሥር የሚያልፈውን የብላክዎል ዋሻ የሠራው እሱ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጋዜጣና መጻሕፍት ኅትመት ገባ፤ ፋይናንሻል ታይምስን እስከ 2015 ድረስ ይዞት ቆይቷል። ዛሬ ዋና ሥራው ትምህርት ነው።

ቢቴክ የሚባለው የሙያ ትምህርት ሥርዓት ግን ሲጀመር የኩባንያ አልነበረም። በ1980ዎቹ ሁለት የሙያ ትምህርት ምክር ቤቶች ተዋህደው የፈጠሩት ነው። በ1996 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የፈተና ቦርድ ጋር ተቀላቅሎ ኤድኤክሴል ሆነ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ፒርሰን ወደ ይዞታው አስገባው። እንዲህ ነው ለሕዝብ ተብሎ የተጀመረ ነገር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ለባለአክሲዮኖች ትርፍ የሚያስገባ ሥራ የሆነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ኩባንያው የትምህርቱን ይዘት ይጽፋል፤ ተማሪው በመጨረሻ ምን ማወቅ እንዳለበት፣ ለማለፍና ለከፍተኛ ውጤት ምን እንደሚጠበቅበት ይወስናል። እንደ እኛ ያለ ኮሌጅ ፈቃድ ወስዶ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የምዝገባ ክፍያ ከፍሎ ያስተምራል፤ ሥራውንም ራሱ ያርማል። ከዚያ ኩባንያው ከውጭ ገምጋሚ ልኮ እርማቱ ትክክል መሆኑን ያያል። ኤችኤንሲ 120 ክሬዲት ነው፤ ኤችኤንዲ ደግሞ 240 ክሬዲት ሆኖ ደረጃ 5 ላይ ያደርሳል። ከዚያ አንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪ መጨረስ ይቻላል። እኔ ራሴ በዚህ መንገድ ላይ ነኝ። ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ውጤት በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባኝ አልነበረም፤ ይህ በር ባይኖር ዛሬ የምማር አይመስለኝም።

ስለዚህ «ኩባንያ ትምህርት ውስጥ ምን አገባው?» ብዬ በቁጣ መጀመር አልችልም። መጠየቅ ያለብኝ የሚያመጡት አዲስ ነገር ምንድን ነው፣ ማን ይጠቀምበታል፣ ሲበላሽስ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል የሚለውን ነው።

ኩባንያዎች በእርግጥ የለወጡት

መጀመሪያ ሥራንና ትምህርትን ያገናኘውን እንይ። በእንግሊዝ ከ2015 ጀምሮ የዲግሪ አፕረንቲስሺፕ የሚባል አለ። ተማሪው በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ደሞዝ እየተከፈለው፣ የሥራ ሰዓቱን ከፊል ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ሙሉ ዲግሪ ይይዛል። የትምህርቱን ክፍያ ተማሪው አይከፍልም። ከ2017 ሚያዝያ ጀምሮ የዓመት የደሞዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆነ አሠሪዎች ከዚያ በላይ ካለው 0.5 በመቶ ለሥልጠና እንዲከፍሉ ተደርጓል፤ ገንዘቡ የሚመጣው በዋናነት ከዚያ ነው። ሀሳቡ የመንግሥት፣ ገንዘቡ የአሠሪዎች፣ ትምህርቱ የዩኒቨርሲቲዎች ነው ማለት ነው። ማልቲቨርስ የተባለው በ2016 የተመሠረተ የግል ኩባንያ እንዲያውም በ2022 ራሱ ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን አግኝቷል።

ከእኛ ማኅበረሰብ ይህን መንገድ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ቦታው ውስን ነው፣ ውድድሩ ከባድ ነው፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድን የሚመለከቱ መስፈርቶችም አሉት። ግን ሃያ ዓመት ያልሞላው ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ ለዩኒቨርሲቲ ሲያመለክቱ ጎን ለጎን ይህንንም እንዲሞክሩ ንገሯቸው። ያለ ዕዳ ዲግሪ መያዝ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ኦንላይን ትምህርት ነው። ኮርሴራን በ2012 የመሠረቱት ሁለት የስታንፎርድ ፕሮፌሰሮች፣ አንድሩ ኢንግና ዳፍኒ ኮለር ናቸው። ዩዳሲቲም የወጣው ከዚያው አካባቢና ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ «ዩኒቨርሲቲ ሊቀር ነው» ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልቀረም። የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ኤድኤክስ ላይ የተሰጡትን የኤምአይቲና የሃርቫርድ ነፃ ኮርሶች መረጃ መርምረው በ2019 ሲያወጡ፣ በ2017/18 ከተመዘገቡት መቶ ሰዎች ኮርሱን የጨረሱት ሦስቱ ገደማ ብቻ ነበሩ። ቪዲዮው የዓለም ምርጡ ቢሆን እንኳ፣ ተማሪ «የት ጠፋህ?» የሚለው ሰው ይፈልጋል።

የሠራው ነገር ግን አለ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ2019 የኮምፒዩተር ሳይንስ ዲግሪውን በኮርሴራ በኩል መስጠት ጀመረ፤ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለ ሰው ለንደን ሳይመጣ የለንደንን ዲግሪ መያዝ ይችላል። ከወዲሁ ማስታወስ ያለብን ግን ሀሳቡን ኩባንያው እንዳልፈጠረው ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ርቀው ላሉ ተማሪዎች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1858 ነው። ኔልሰን ማንዴላ በእስር ቤት ሆነው ሕግ የተማሩት በዚሁ ሥርዓት ነበር። ኦፕን ዩኒቨርሲቲም በ1969 በመንግሥት ድጋፍ ተቋቁሞ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል የመግቢያ ውጤት አልጠየቀም፤ ትምህርቱን በቢቢሲ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ያስተላልፍ ነበር። በሩን የከፈተው የሕዝብ ተቋም ነው፤ ኩባንያው መንገዱን አስፍቶ ፍጥነት ጨመረበት።

ሦስተኛው ከዕለት ኑሯችን ጋር የተያያዘው ሶፍትዌር ነው። የቤት ሥራ የምናስገባበት፣ ውጤት የምናይበት፣ በ2020 ወረርሽኝ ጊዜ ክፍላችንን ያተረፈልን ሁሉ የአንድ ኩባንያ ምርት ነው። ከዚህም ውስጥ ለየት የሚለው ሙድል ነው፤ ማርቲን ዱጊያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ በ2002 ያወጣው፣ ማንም በነፃ ወስዶ ሊጠቀምበት የሚችል ሶፍትዌር ነው። አዲስ ነገር ሁሉ ከትርፍ ብቻ እንደማይወለድ አንድ ምስክር ይሁነን።

አገር ቤትስ?

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ በግል ኮሌጅ ነው የተማረችው። ስለዚህ ጉዳዩ ለቤታችን ሩቅ አይደለም።

በኢትዮጵያ ለግል ከፍተኛ ትምህርት በር የተከፈተው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። ዩኒቲ በ1991 እንደ ቋንቋ ትምህርት ቤት ጀምሮ፣ ኮሌጅ ሆኖ፣ በ2008 የአገሪቱ የመጀመሪያው የግል ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቃ። በ1998 የተመሠረተው ቅድስት ማርያም የርቀት ትምህርትን ወደ ክፍለ አገር ካስፋፉት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። እነዚህ ተቋማት ያመጡት ለውጥ በቴክኖሎጂ የተራቀቀ አልነበረም። የማታ ክፍል፣ የቅዳሜና እሑድ ክፍል፣ በፖስታና በቅርንጫፍ ቢሮ የሚደርስ ሞጁል ነበር። ግን ቀን ባንክ ቤት ለሚውል፣ ወይም ወረዳ ላይ ለሚያስተምር ሰው፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ላላገኘ ተማሪም፣ ያ ሞጁል ከማንኛውም መተግበሪያ የበለጠ ፈጠራ ነበር። እናትና አባቶቻችን ዲግሪ የያዙት በዚህ መንገድ የሆነ ብዙዎች ነን።

ከዚያ ደግሞ ጥራት ላይ ጥያቄ መጣ። በ2010 መንግሥት የርቀት ትምህርትን በሙሉ አገደ፤ ቆይቶ እንደገና በመስፈርት ፈቀደው። በሐምሌ 2023 ደግሞ የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ግዴታ ሆነ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።

ይህ ቁጥር ሲወጣ የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውላ አለቀሰች። እሷ አልፋለች፤ ከክፍሏ ግን አብዛኞቹ አላለፉም። አንዷ ጓደኛዋ አራት ዓመት ሙሉ ከደሞዟ እየቆረጠች የከፈለች ናት። ቁጥሩን ስናነብ አንድ ነገር አንርሳ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ12ኛ ክፍል ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን ቀድመው ይወስዳሉ፣ የግሎቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያስተምሩት የቀረውንና ቀን ሥራ የሚውለውን ነው። ሁለቱ የተነሡት ከአንድ መስመር አይደለም። ያም ሆኖ 17 በመቶ ትልቅ ጥያቄ ነው። ኮሌጁ ክፍያውን ሙሉ ለሙሉ ተቀብሏል፤ ባዶ እጇን የቀረችው ተማሪዋ ናት።

ከኮሌጆቹ ውጭ ሌላ ዓይነት ኩባንያም ብቅ ብሏል። የሲስኮ የኔትወርክ አካዳሚ በ1997 የተጀመረ ነው፤ በኢትዮጵያም የኔትወርክ ትምህርት ለብዙ ሰዎች ማለት የሲስኮ ትምህርት ማለት ነው። ገበያ የተባለው ድርጅት በ2016 አዲስ አበባ ውስጥ ሶፍትዌር ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀምሮ፣ በኋላ ባለሙያና ሥራ ወደ ማገናኘት ዞረ። በሐምሌ 2024 ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራምም መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የሚያካሂደው ሆኖ፣ ኮርሶቹ የሚሰጡት በዩዳሲቲ ነው። የእነዚህ ጥንካሬ ከሥራ ገበያው ጋር በፍጥነት መሄዳቸው ነው። ዩኒቨርሲቲ አንድ ሥርዓተ ትምህርት ለመለወጥ ዓመታት ይፈጅበታል። ድክመታቸውም ከዚያው ይመነጫል፤ ገበያው ሲዞር እነሱም ይዞራሉ፣ ትናንት የተማርከውን ሥራ ዛሬ ላያውቁልህ ይችላሉ።

የኪልበርኑ ደላላ

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ። ከዚያ የቡና ቀን ሁለት ሳምንት በኋላ ደስ ብሏት ደወለችልኝ። «ልማር ነው!» አለች። ኪልበርን ሃይ ሮድ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ አንድ ልጅ ወረቀት ሰጣት። የመግቢያ ፈተና የለም፤ ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ የቢዝነስ ዲግሪ ነው። ወረቀቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ግን የትምህርቱ ስም ሳይሆን «ለኑሮ የሚሆን የመንግሥት ብድር ታገኛላችሁ» የሚለው ነበር። ልጁ ስሟንና ስልኳን መዝግቧል፤ በማግስቱ ፓስፖርቷን ይዛ እንድትመጣ ነግሯታል።

አክስቴ ቢዝነስ መማር ፈልጋ አታውቅም። ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው። ይህን ከመጣሁ ጀምሮ እሰማለሁ። ግን አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ «ዕድሉ በእጄ መጣ፣ ቢያመልጠኝስ?» አለች። ዘጠኝ ዓመት ሌሊት ሌሊት የሠራ ሰው ዲግሪ ሲባል ልቡ ቢዘል አይፈረድበትም።

ያ ወረቀት ከምን እንደመጣ ለመረዳት አንድ ቃል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ፍራንቻይዝ። ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን የሌለው የግል ኮሌጅ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ይዋዋላል። ኮሌጁ ያስተምራል፣ ዲግሪውን ዩኒቨርሲቲው ይሰጣል፣ የተማሪውን ክፍያ ሁለቱ ይካፈላሉ። አሠራሩ ሕጋዊ ነው፤ በቅንነት የሚሠሩበትም አሉ፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሌላ በር የተዘጋባቸው ሰዎች በዚህ መንገድ ተመርቀዋል። ችግሩ ግን ገቢው በተማሪ ቁጥር የሚለካ መሆኑ ነው። የብሪታንያ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት በጥር 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በእንግሊዝ በፍራንቻይዝ የሚማሩት ከ2018/19 እስከ 2021/22 ባለው ጊዜ ከ50 ሺህ ገደማ ወደ 108 ሺህ ገደማ ማደጋቸውን ገልጾ፣ በተማሪ ብድር ላይ የሚፈጸም ማጭበርበርና በኮሚሽን የሚሠሩ ደላሎች አሳሳቢ መሆናቸውን ጠቁሟል። መንገድ ላይ ወረቀት የሚያድለው ልጅ የሚከፈለው አክስቴ ስትመዘገብ ነው፤ ነርስ ስትሆን አይደለም።

ዕዳውንም አብረን አሰላን። የትምህርት ክፍያው ጣሪያ በ2025/26 በዓመት 9,535 ፓውንድ ነው፤ ሦስት ዓመት ሲሆን ከ28 ሺህ ፓውንድ ይበልጣል፤ የኑሮው ብድር ከዚያ በላይ ይጨመራል። ከነሐሴ 2023 ወዲህ በእንግሊዝ ዲግሪ የጀመረ ሰው በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ሲያገኝ ከትርፉ ላይ 9 በመቶ ይቆረጥበታል። ለምሳሌ 30,000 የሚያገኝ በዓመት 450 ፓውንድ ይከፍላል። ቀሪው ዕዳ የሚሰረዘው ከ40 ዓመት በኋላ ነው፤ አክስቴ ዘጠና ካለፋት በኋላ ማለት ነው። በዚያ ላይ የብድር መብት በዓመት የተቆጠረ ነው፤ በአጠቃላይ ደንቡ ቀደም ብለን የተማርንባቸው ዓመታት ከሚፈቀደው ላይ ይቀነሳሉ። ለማንፈልገው ትምህርት የተፈረመ ብድር የምንፈልገውንም ሊያስቀርብን ይችላል። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ይህን ነው።

ማሽን ሲጠረጥረን

አንድ ሌላ የሚነካን ጉዳይ አለ። ተርንኢትን የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ድርሰታችን ከሌላ ሰው ጽሑፍ ጋር መመሳሰሉን የሚያየው ነው። በ1998 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ተጀምሮ፣ በ2019 በ1.75 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል። ዋጋውን ከፍ ካደረጉት ነገሮች አንዱ እኛው ነን፤ በዓለም ዙሪያ ተማሪዎች ያስገቧቸው ድርሰቶች ማከማቻው ውስጥ አሉ። በአሜሪካ ተማሪዎች «ጽሑፋችንን ያለ ፈቃዳችን አስቀመጠብን» ብለው ከሰው ነበር፤ በ2009 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለኩባንያው ፈረደ።

ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 ከወጣ በኋላ ብዙ ኩባንያዎች «ይህን የጻፈው ሰው ነው ወይስ ማሽን?» የሚለውን እንለያለን ብለው መሸጥ ጀመሩ። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት እንዲህ ያሉ መለያዎችን ፈትሸው ነበር። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል የጻፏቸውን ድርሰቶች፣ መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን «የማሽን ናቸው» ብለው በስህተት ፈረዱባቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የሚያውቃቸውን ቀላል ቃላት ደጋግሞ ይጠቀማል፣ ማሽኑ ደግሞ ይህን የራሱ ምልክት አድርጎ ያየዋል። የእኛን እንግሊዝኛ ነው የሚገልጸው። ስለዚህ ረቂቆቻችሁን አትሰርዙ፤ ማስታወሻችሁን፣ ቀን የተጻፈባቸውን ቅጂዎች አስቀምጡ። አንድ ቀን «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ማለት ቢያስፈልግ ማስረጃችሁ እነሱ ናቸው።

ከመፈረም በፊት አምስት ጥያቄዎች

እነዚህን አክስቴና እኔ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን የጻፍናቸው ናቸው።

1. ዲግሪውን ወይም ዲፕሎማውን የሚሰጠው ማነው? የሚያስተምረው ተቋም ራሱ ነው፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ እንደ ፒርሰን ያለ ድርጅት? ስሙን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከዚያም በእንግሊዝ ያለው የከፍተኛ ትምህርት ተቆጣጣሪ፣ ኦፊስ ፎር ስቱደንትስ፣ በሚያወጣው መዝገብ ላይ ፈልጉት። አገር ቤት ለሚማሩ ዘመዶቻችሁ ደግሞ ተቋሙ ብቻ ሳይሆን ያ የትምህርት ክፍልና ያ ቅርንጫፍ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው ይታይ።

2. ይህ ወረቀት ወደምፈልገው ሥራ ያደርሳል? ነርስ፣ ጠበቃ፣ መሐንዲስ ለመሆን የሙያ ማኅበር ወይም ምክር ቤት የሚቀበለው ትምህርት የተለየ ነው።

3. ጠቅላላ ዕዳው ስንት ነው? በወር የሚገባውን ብድር ሳይሆን በመጨረሻ የሚጠራቀመውን ቁጥር ጻፉት።

4. የሚያናግረኝ ሰው የሚከፈለው በምንድን ነው? በኮሚሽን ከሆነ ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም፤ ምክሩን ግን እንደ ሻጭ ምክር ቁጠሩት።

5. ኩባንያው ቢዘጋ ወይም ቢሸጥስ? ኤድኤክስን በ2021 በ800 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ቱዩ የተባለው ኩባንያ በ2024 በኪሳራ ምክንያት የፍርድ ቤት ከለላ ጠይቋል። ትልቅ መሆን ዋስትና አይደለም። ትምህርቴን የት እጨርሳለሁ፣ ውጤቴንስ የት አገኛለሁ የሚለውን አስቀድማችሁ እወቁ።

የአክስቴ መልስ

አክስቴ በማግስቱ ወደ ልጁ ሄደች፤ ወረቀቱን ይዛ እንጂ ፓስፖርቷን ይዛ አይደለም። የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰላት። ሁለተኛውን ስትጠይቀው፣ «ነርስ ለመሆን ይረዳኛል?» ስትለው፣ «ዲግሪ ዲግሪ ነው እማማ» አላት። አመስግናው ወጣች። «እማማ» ማለቱ ሳይሆን አይቀርም ያስቆጣት፤ እሷ ግን መልሱ ነው ትላለች።

ከጥር ጀምሮ በአንድ የሕዝብ ኮሌጅ ማታ ማታ ሒሳብና እንግሊዝኛ እየተማረች ነው። ቀጥላ ወደ ነርስነት የሚያደርሰውን የአክሰስ ዲፕሎማ ልትይዝ አስባለች። ለዚያ የሚወሰደው ብድር ቀጥሎ ያለውን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከጨረሱ ይሰረዛል፤ ነርስነት ለሚማሩም በእንግሊዝ በዓመት 5,000 ፓውንድ የማይመለስ ድጋፍ አለ። መንገዱ ከቢዝነሱ ዲግሪ ይረዝማል። ግን የእሷ መንገድ ነው።

እኔም ሰርተፊኬቴን በሚቀጥለው ዓመት እቀበላለሁ፤ ላዩ ላይ የዋሻ ቆፋሪዎቹ ኩባንያ ስም ይኖራል። አላፍርበትም። ሌላው በር ሲዘጋብኝ ያ በር ተከፍቶልኛል፤ መምህሮቼም ከወረቀቱ የሚበልጥ ነገር ሰጥተውኛል። ኩባንያ በር ሊከፍት ይችላል። ከመግባታችን በፊት ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ግን የእኛ ፋንታ ነው።

በቤታችሁ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ከገባ፣ የሚፈርመው ሰው ከመፈረሙ በፊት አንድ ሻይ አብራችሁ ጠጡ። እንግሊዝኛው ከከበደም የማኅበራችንን አባላት አትፈሩ፤ አብረን እናነበዋለን። መልካም የትምህርት ጊዜ ይሁንላችሁ።